አባዬ የሰፋው አረንጓዴ ካፖርት

የካቲት 9

ሰኞ። ሥራ አልበዛም። አራት መነጽር አስተካከልኩ። አንዲት ብሎን ጠፍታኝ ግማሽ ሰዓት ስፈልግ ሻይ ብርጭቆዬ ውስጥ አገኘኋት። ባለሱቁ «ትንሽ ብትቆዪ ጠጥተሻት ነበር» እያለ ሲስቅ ዋለ።

ከምሳ በኋላ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ አሥር ወይ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። መነጽሯ ተሰብሯል። በአንድ ወር ውስጥ ሁለተኛዋ! «ወደቀብኝ» አለች፣ ወለል ወለሉን እያየች። ፍሬሙን ገልብጬ አየሁት። የወደቀ መነጽር መስታወቱ ይጫራል፣ ወይ አንድ ጎኑ ይጎብጣል። ይሄኛው ግን ሁለቱም ማጠፊያዎቹ ወደ ኋላ ተጠምዝዘዋል። በእጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መነጽር ቤት ቆሜ ይሄ ይጠፋኛል?

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። እንዳወቅኩባት አወቀች።

ለእናቷ አልተናገርኩም። «አዲሱን ፍሬም እሷ ብትመርጠውስ?» አልኩ እንጂ። ቀዩን መረጠች።

ቤት ስገባ አባዬ እንደተውኩት መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ሾርባው አልተነካም። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ… የሰው ዕቃ በአደራ የያዘ ይመስላል። ስትሮክ ከመታው ሰባት ሳምንቱ፣ እኔ ጋ ከመጣ አምስት። እግሩ ደህና ነው፣ አፉም አልተያዘም። የጠፉት እጁና ወሬው ናቸው።

«እንዴት ዋልክ አባዬ?»

«ዋልኩ።»

በቃ።

የካቲት 10

ያቺ ልጅ ከሐሳቤ አልወጣ አለች። የሷ መነጽር አይደለም ነገሩ። የኔ ካፖርት ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ለማንም ያላነሳሁት…

ዛሬ አልችልም። ነገ እጽፈዋለሁ።

የካቲት 12

ነገ ብዬ ሁለት ቀን። ፈሪ! እሺ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

እማዬ ስትሞት እኔ ስድስት፣ ወንድሜ ሦስት ዓመታችን ነበር። ልብሳችንን የምትሰፋው እሷ ነበረች። አባዬ የመኪና ወንበር ሰፊ ነው። ጋራዥ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል የታክሲና የአውቶቡስ ወንበር ሲያለብስ ነው የኖረው። የሰው ልብስ ሰፍቶ አያውቅም።

ዓመት ሳይሞላ ቀሚሶቼ ሁሉ አጠሩ። አንድ እሑድ አባዬ እማዬ የሰፋችልኝን ቢጫ ቀሚስ ጠረጴዛ ላይ አነጠፈና በምላጭ ይተረትረው ጀመር። ክር በክር። እዬዬ ብዬ አለቀስኩ። እማዬን ሁለተኛ የገደላት መሰለኝ። «አይዞሽ፣ እንዴት እንደሠራችው እንድታሳየኝ ነው» አለኝ። የተፈታውን ጨርቅ ጋዜጣ ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመረ። በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ጨመረ። ከዚያ ቢጫውን ቀሚስ እንደነበረ መልሶ ሰፋው፣ በጋዜጣው ልክ ደግሞ አዲስ ቀሚስ ቆረጠልኝ። አንድ እጅጌው ከሌላው ይረዝም ነበር። ግን ልኬ ነበር።

አሁን ስጽፈው ገና ገባኝ… ሚስቱ በሞተች ዓመት ሳይሞላ፣ የሚስቱን ስፌት ክር በክር ሲፈታ እንዴት ቻለው?

የካቲት 13

ልብሶቻችን! ሥራ ላይ ብቻዬን ስስቅ ባለሱቁ «ደግሞ ምን ጠጣሽ?» አለኝ።

የዝናብ ልብሴ የሚኒባስ ወንበር ነበር። ቡናማ፣ ቆዳ መሳይ። እንኳን ዝናብ ጥይት አያስገባም። ስቀመጥ ይጮኻል፣ ስነሳ ይጮኻል። የወንድሜ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ሦስት ድርብ ነው። «ልጁ ያልቃል እንጂ ሱሪው አያልቅም» ይሉ ነበር ጎረቤቶች። አንዴ ዛፍ ላይ ሲወጣ ቅርንጫፉ ቀበቶ ማዞሪያውን ያዘውና ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔ ጩኸቴን አቀለጥኩት። አባዬ እየሮጠ መጣና፣ ልጁን ሳያወርድ በፊት ስፌቱን አየ። «ንቅንቅ አላለም እኮ!» አለ፣ ፊቱ በርቶ። ወንድሜ ተዘቅዝቆ እያለቀሰ።

ወንድሜ ራሱ ትምህርት ቤት «አባታችን መኪና አለው» እያለ ይጎርር ነበር። አልዋሸም። የስፌት መኪና ነዋ።

ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ» ይለናል። የሁሉም ሰው አባት እንዲህ ይላል። የኛው ሲለው ግን እኔ የምር ነበር የሚመስለኝ። ጨርቁ ከተገኘለት አነጥፎ የሚሰፋው ይመስለኝ ነበር፣ ከቤታችን በር እስከ ክፍላችን በር።

የካቲት 15

እሺ። ካፖርቱ።

አሥራ አንድ ዓመቴ። ትምህርት ቤት ስሜ ቀርቶ «ወንበር» ነበር የምባለው። አንዷ ትመጣና «ይቅርታ፣ ይሄ ወንበር ሰው አለው?» ትላለች፤ ሌሎቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው፣ አብሬ መሳቄ።

አባዬ ከአንድ የድሮ አውቶቡስ የተረፈ አረንጓዴ ከፋይ ነበረው። ሦስት እሑድ ሙሉ ጎንበስ ብሎ ካፖርት ሰፋልኝ። ኮሌታው ሰፊ፣ ገበሩ ግራጫ፣ ቁልፎቹን ሳይቀር በዚያው ከፋይ ያለበሳቸው። ዛሬ ባገኘው ከላዬ አላወርደውም። ያን ጊዜ ያየሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። የአውቶቡስ ወንበር።

ለብሼው ሄድኩ። «ዛሬ ደግሞ ባለ ስንት ሰው ነሽ?» አሉኝ። በእረፍት ሰዓት ከእጅ ሥራ ክፍል መቀስ ሰረቅሁና ሽንት ቤት ገባሁ። ካፖርቱን ከብብቱ እስከ ወገቡ ቆረጥኩት። ከፋይ ሲቆረጥ ብዙም ድምፅ የለውም… እሱን አስታውሳለሁ።

አባዬ ከሥራ ሲመጣ አሳየሁት።

«ምን አገኘው?»

«የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሚስማር ያዘኝ።»

«ሚስማር?»

«አዎ፣ ሚስማር።»

የተቆረጠውን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ሄደበት። ከዚያ ክንዴን አንስቶ ጎኔን አገላብጦ አየ። «አንቺን አልወጋሽም?» አለኝ። ሌላ አልጠየቀም። በሳምንቱ ካፖርቱን ጠግኖ ሰቀለው፤ ልበሽው ግን አላለኝም። ቆይቶ ለማን እንደሰጠው አላውቅም።

ሰኞ ዕለት የዚያችን ልጅ ፍሬም ሳይ የመታኝ ይሄ ነው። እኔ የወደቀና የተጠመዘዘ ከለየሁ፣ እሱ የተቀደደና የተቆረጠ መለየት ያቅተው ነበር?

ያውቅ ነበር ማለት ነው? ይሄን ሁሉ ዓመት?

የካቲት 18

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራለት ልጅ መጣች። እኔና ወንድሜ «አሥር ጊዜ» ነው የምንላት። ከአፏ ሌላ ቁጥር አይወጣም። «ጋሼ፣ አሥር ጊዜ ይጨብጡ። ጋሼ፣ አሥር ጊዜ ይልቀቁ።» የጎማ ኳስ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። አባዬ ኳሱን አየው፣ አየው…

«ልጄ፣ እኔ በልጅነቴም ኳስ ተጫውቼ አላውቅም።»

አልሳቀችለትም። ቁጭ ብላ ፊት ለፊት ነገረችው። እነዚህን ሁለት ሦስት ወራት ካልሠራበት እጁ እንዲሁ እንደሆነ ሊቀር ይችላል። እሷ እየመጣች ኳስ ብታቀብለው፣ እሱ ካልፈለገ ዋጋ የለውም።

ስትወጣ «ልክ ስወስድ ኖሬ፣ ዛሬ ልኬ ተነገረኝ» አለኝ። ሳቄ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም። ኳሱ እስኪመሽ ሶፋው ሥር ወድቆ ዋለ።

የካቲት 22

ወንድሜ ብርቱካን፣ ዳቦና መጥፎ ወሬ ይዞ መጣ። የጋራዡ ሰዎች የአባዬን ክፍል ለሌላ ሠራተኛ ፈልገዋታል። የስፌት መኪናውን የሚወስድ ሰውም ተገኝቷል። «ምን ትላለህ አባዬ?» አለው ቀስ ብሎ። ወንድሜ ክፋት የለበትም፤ አንድ ሰው ማንሳት ነበረበትና አነሳው።

አባዬ ከመስኮቱ ሳይዞር «ውሰዱት። እጅ ላለው ሰው ይሁን» አለ።

ወንድሜ ብርቱካን እየላጠ ነበር። ልጦ ጨረሰና ሳይበላው ሄደ።

 ምን ላድርግ? እጁን እኮ ነው ስጡልኝ ያለው።

የካቲት 23

ነገርኩት።

እንዴት እንደጀመርኩት እንጃ። ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፍኩለት ነበር።

«አባዬ፣ ያ አረንጓዴ ካፖርት…»

«የከፋዩ?»

«እሱ። ሚስማር አልነበረም። በመቀስ ነው የቆረጥኩት። እኔ ነኝ።»

 ሦስተኛው ቁልፍ ላይ እንዳለሁ እጄ ቀረ።

«መቀስና ሚስማር መለየት ካቃተኝማ ምኑን ሰፊ ሆንኩ?» አለ።

አልጋው ጫፍ ላይ ዝርፍጥ አልኩ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

ከታመመ ወዲህ ይህን ያህል ሲያወራ አልሰማሁም። ሳልረሳው እንዳለ ልጻፈው…

«ጨርቁ መቀስ ነው ይለኛል፣ ልጄ ሚስማር ነው ትለኛለች። ልጄን ከምጠራጠር ዓይኔን ልጠራጠር አልኩ። በማግስቱ መዶሻና ጉጠት ይዤ ትምህርት ቤታችሁ መጣሁ። ሚስማሩን ልነቅለው። የሌላ ሰው ልጅ እንዳይወጋ ብዬ።»

«መዶሻ ይዘህ?»

«መዶሻ ይዤ! በሩን ከላይ እስከ ታች ዳበስኩት። የብረት በር ነው፣ ሚስማር ከየት ይመጣል? ዘበኛው እንደ እብድ ነው ያየኝ። በዚህ መሀል ደወል ተደወለና ወጣችሁ። አንቺ ግድግዳው ሥር ቆመሻል… ሰማኋቸው።»

ምን ሲሉ እንደሰማ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልደገመውም። አንዲት ቃል ናት፤ ሁለታችንም እናውቃታለን።

«የጠላሽው ካፖርቱን አልነበረም። እኔ ደግሞ ከወንበር ስፌት ሌላ አላውቅም። ስለዚህ ልማር ሄድኩ።»

ከገበያው ጀርባ የሴቶች ልብስ የምትሰፋ አንዲት አሮጊት ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ «እመት መርፌ» ነበር የሚላት። ቅዳሜ ከሰዓት ከሰዓት እሷ ዘንድ ይሄድ ነበር አባዬ። ቅዳሜ! እኔና ወንድሜ እኮ ከጓደኞቹ ጋር ካርታ የሚጫወት ነበር የሚመስለን። ትቶን ስለሚሄድ አኮርፈው ነበር እንኳ። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ የቁልፍ ቀዳዳ ብቻ አሠራችው። «ይሄ ጣት የጎማ ጣት ነው፣ ሐር አያስነኩትም!» እያለች እጁን በማስመሪያ ትመታዋለች። አርባ ሊሞላው የደረሰ ትልቅ ሰውዬ፣ ስፌት በሚማሩ ልጃገረዶች መሀል በአነስተኛ ዱካ ላይ ተቀምጦ…

«ምን ያህል ጊዜ ተማርክ?»

«ሁለት ዓመት» አለና የቀረውን ቁልፍ በአገጩ አመለከተኝ። «ቆልፊው፣ በረደኝ።»

የካቲት 24

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ሰማያዊ ቀሚስ ነበረኝ። ነጭ ኮሌታ፣ ወገቡ ላይ ትንንሽ እጥፋት። ያቺ «ሰው አለው?» ባይዋ ልጅ ጠጋ ብላ ኮሌታውን በሁለት ጣቷ ይዛ «የት ነው የተገዛው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ወንበር ያለኝ የለም። ልጆቹ የሰለቻቸው መሰለኝ። እኔ ያደግሁ መሰለኝ። ለካ…

የሁለት ዓመት ቅዳሜ። አንድም ቀን «ለአንቺ ስል» አላለኝም።

ዛሬ ሁለት ጊዜ ወደ ሱቁ ጓዳ ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ሐዘን አይደለም። አንጀቴ ነው የራሰው። የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት የተሰጠኝ ነገር ዛሬ ደረሰኝ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

የካቲት 26

ለወንድሜ ደወልኩ። የስፌት መኪናው የትም አይሄድም አልኩት።

«የት ልታስቀምጪው?»

«ሳሎን።»

«ሶፋውስ?»

«ሶፋው ይውጣ!»

የመዶሻውን ነገር ነገርኩት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ «ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለ።

«የትኛውን መኪና?» አልኩት። ሳቅን። አፍንጫ የመጥረግ ድምፅም ሰማሁ፣ የሱ ይሁን የኔ እንጃ።

የካቲት 28

መጣ። ወንድሜና ሁለት የጋራዥ ሰዎች የስፌት መኪናውን ተሸክመው አስገቡት። ብረት ነው፣ ድንጋይ ነው! የቤቴን በር ቀለም ልጦ ገባ። አባዬ ዞር ብሎም አላየም፣ መስኮቱን እያየ ተቀመጠ። ሰዎቹ ግድግዳውን አስጠግተው አስቀመጡትና ላባቸውን ጠረጉ።

«ወደዚህ» አለ አባዬ፣ አሁንም ሳይዞር።

«ምን?»

«ወደዚህ መስኮት አምጡት። በጨለማ ነው እንዴ የሚሰፋው?»

መጋቢት 2

«አስተምረኝ» አልኩት።

«በየትኛው እጅ?»

«በኔ እጅ። አንተ ተናገር።»

አሮጌ አንሶላ ይዘን ተቀመጥን። ፔዳሉን ስረግጠው መኪናው ጋልቦ ሄደ፤ መንገድ አስቶኝ መርፌ ሰበርኩ። ሌላ ሰበርኩ። «እመት መርፌ ብታገኝሽ በማስመሪያ አትመታሽም፣ ማስመሪያውን ትሰብርብሽ ነበር» አለ። ቀስ ርገጪ፣ ጨርቁን አትጎትቺ፣ ራሱ ይሄዳል፣ አንቺ ምሪው እንጂ አትግፊው… ተቆጣኝ! እንዴት ደስ እንዳለኝ።

እሱ በግራ እጁ ጨርቁን ይዞልኝ ነበር። በሦስተኛው መስመር ላይ ጨርቁ ሊንሸራተት ሲል ቀኝ እጁ ከጭኑ ላይ ተነሳና ጠርዙን ተጫነው። እየተንቀጠቀጠ። እሱ ልብ አላለም፣ ዓይኑ መርፌው ላይ ነበር። እኔ አየሁ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ከሱ ነው የተማርኩት።

መጋቢት 11

«አሥር ጊዜ» መጣችና የስፌት መኪናው ጋ ተቀምጠን አገኘችን። ቆማ ቀኝ እጁን ስታየው ቆየች። ከዚያ የጎማ ኳሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ጋሼ፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው ጨርቁን የሚጨብጡት?»

«እሱን እንኳ አልቆጥርም ልጄ። ሥራው እስኪያልቅ ነው።»

ስሸኛት ደረጃው ላይ ክንዴን ጨበጥ አደረገችኝ። «እንዳታስቆሚው» አለችኝ።

መጋቢት 19

መቀስ ልሞክር አለ። ከእጁ ወደቀ። አነሳሁለት፣ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቃል አልተነፈሰም።

መጋቢት 20

ዛሬም።

መጋቢት 22

ከሥራ ስመለስ የመኪናው ድምፅ ደረጃው ድረስ ይሰማል። በሩ ላይ ቆምኩ። ይሄድና ይቆማል፣ ይሄድና ይቆማል… ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ጋራዡ ስደርስ እንደዚህ ነበር የምሰማው። አልገባሁም። መስመሩን እስኪጨርስ ውጭ ቆሜ ጠበቅሁት።

ሚያዝያ 6

ሸሚዙን ራሱ ቆለፈ። አንዱን ቁልፍ አሳስቶ ሌላ ቀዳዳ ውስጥ ከቶታል። አላረምኩትም። እንደተጣመመ ዋለ።

ሚያዝያ 25

እሑድ። ወንድሜ ለምሳ መጥቶ ነበር። ሳህኑን ሳናነሳ አባዬ ሜትሩን አንገቱ ላይ አጠለቀና «ተነስ» አለው።

«ለምን?»

«ሸሚዝ ልሰፋልህ ነው። እጅህን ዘርጋ።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው።»

«ዘርጋ አልኩህ።»

ወንድሜ እጆቹን እንደ መስቀል ዘርግቶ ሳሎኑ መሀል ቆመ። አባዬ የሜትሩን አንዱን ጫፍ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ይዞ በሆዱ ዙሪያ ለማገናኘት ሞከረ። አልተገናኘለትም። እጁ መስሎት ነው መሰለኝ አንድ ጊዜ ፊቱ ጨለም አለ። ደግሞ ዝቅ ብሎ አየ። «እጄ ደህና ነው፣ ሆድህ ነው» አለው። ወንድሜ እንደተዘረጋ ሳቀ፣ ሲስቅ ሆዱ ጭራሽ ገፋ፣ ሜትሩ አመለጠ። ሦስታችንም… እንዲህ ከሳቅን ስንት ጊዜያችን ነው?

«ጻፊ» አለኝ። በእጄ የነበረው ይሄ ደብተር ነው፣ እዚሁ ጻፍኩት። ደረት መቶ አሥር። እጅጌ ስልሳ ሁለት። ሆድ… ወንድሜ እንዳይጻፍ ለምኗል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺም ነይ።»

«እኔ ልብስ አለኝ አባዬ።»

«ልብስ አለሽ ወይ አልኩሽ?»

ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። በአርባ ስድስት ዓመቴ። ቀኝ እጁ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ይንቀጠቀጣል፤ ግን አውራ ጣቱ ሜትሩን ተጭኖ ይዟል። ከትከሻ ትከሻ፣ ከትከሻ እስከ እጅ አንጓ። ወንድሜ እርሳሱን ተቀብሎኝ ይጽፋል።

ላደርገው አስቤ አልነበረም። ወጣብኝ።

«አባዬ፣ አመሰግናለሁ።»

«ገና ሳልሰፋው?»

«የዚህ አይደለም። የድሮዎቹን ነው። የሁሉንም።»

ሜትሩ ጀርባዬ ላይ ቆመ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም፣ ከኋላዬ ነው። ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ» አለኝ ቆይቶ። «ልኩ ይበላሽብኛል።»

ድምፁ ግን…

ቀጥ ብዬ ቆምኩለት።